ሳንባቸው ድኖ ጉልበታቸው ለምን ቀረ?

ጥያቄው የደረሰኝ ከዚሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ አካባቢ ነው። ጠያቂዋ እንደጻፉልኝ አባታቸው የ79 ዓመት አዛውንት ናቸው። እስከ ጥር ወር ድረስ ምርኩዛቸውን ይዘው ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሱ፣ ለቅሶም ይደርሱ ነበር። ከዚያ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብተው 11 ቀን ተኙ። ከሦስተኛው ሌሊት ጀምሮ በሕይወት የሌሉ ዘመዶቻቸውን በስም እየጠሩ ያወሩ ጀመር። ሆኖም መድኃኒቱ ሠርቶላቸው ትኩሳቱ ጠፋ፣ ኦክስጅኑም ተነሣላቸው፣ «ድነዋል» ተብለው ወጡ። ዛሬ ከወጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ካልደገፋቸው ከአልጋ አይነሱም። ሐኪሙ «አቅማቸው ሳስቷል» ከማለት በቀር ብዙ አላብራራላቸውም። ጠያቂዋ «ይህ እርጅናው ነው ወይስ የሆስፒታሉ ጥፋት? አቅማቸው ይመለሳል ወይ? እኛስ ምን እናድርግ?» ይላሉ።

እህቴ፣ ሐኪሙ የተጠቀመበት ቃል ትክክለኛ ቃል ነው፤ የጎደለው ማብራሪያው ነው። ብዙ ዓመት የተለበሰ ጋቢ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ግን ክሩ ሳስቶ ማዶውን ያሳያል። እንዲህ ያለው ጋቢ በእርጋታ ከተያዘ ገና ዓመታት ይለበሳል፤ እሾህ ከያዘው ግን አዲሱን ጋቢ ምንም በማያደርገው ጉተታ እስከ ጫፉ ይተረተራል። በሕክምና «የአቅም መሳሳት» የምንለው ይህንኑ ነው። ጡንቻ፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ አእምሮና በሽታ የመከላከል ኃይል ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ተጠባባቂ ጉልበት በየጥቂቱ አልቆ፣ ሰውየው ለዕለት ኑሮው የሚበቃ ብቻ ይዞ ሲቀር ማለት ነው። ስለዚህ መሳሳት ከዕድሜ ጋር አብሮ ቢመጣም ራሱ ዕድሜ አይደለም። አንድ የ85 ዓመት ገበሬ በሳንባ ምች ተኝተው በሳምንቱ በእግራቸው ሲወጡ፣ በዚያው ክፍል የተኙ የ70 ዓመት ሰው በዚያው በሽታ አልጋ ላይ ሲቀሩ ደጋግሜ አይቻለሁ። ልዩነቱ ያለው ከበሽታው በፊት በያዙት ስንቅ ላይ ነው።

ይህን መሳሳት ለመለየት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2001 ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ነው። አምስት ምልክቶችን ይቆጥራል፤ እነርሱም ሳያስቡት በአንድ ዓመት ውስጥ 4.5 ኪሎ ያህል መክሳት፣ ሁልጊዜ ድካም መሰማት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና እንቅስቃሴ መቀነስ ናቸው። ሦስቱና ከዚያ በላይ ያሉበት ሰው አቅሙ የሳሳ ይባላል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ያሉበት ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። በየቤቱ ሚዛን ስለሌለ እኔ የቤተሰብ አባላትን ስለ ቀበቶ እጠይቃለሁ፤ ቀበቶው ላይ በቅርቡ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ተበስቶ እንደሆነ የምታውቀው ልብሳቸውን የምታጥበው ልጅ ናት። አባትዎ ባለፈው ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመንገድ ላይ ቁጭ ብለው ማረፍ ጀምረው እንደነበር፣ የጾም ፍቺ ሥጋውንም «ጥርሴ አልቻለም» ብለው እንደተዉት ጽፈዋል። እነዚህ እንደ ቀላል ነገር በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ሁለት መስመሮች ለእኔ ከሳንባው ራጅ ይልቅ ብዙ ነግረውኛል። ክሩ መሳሳት የጀመረው ጥር ሳይገባ ነው።

እንግዲህ «እርጅናው ነው ወይስ ሆስፒታሉ?» ወደሚለው ልምጣ። በዚህ ላይ ጥሩ መረጃ አለ። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 2,293 ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ከእነዚህ ውስጥ 35 በመቶዎቹ ከሆስፒታል ሲወጡ እንደ መታጠብ፣ መልበስ፣ ከአልጋ መነሳትና መጸዳጃ ቤት መሄድ ባሉ የዕለት ሥራዎች ከመታመማቸው በፊት ከነበሩበት ዝቅ ብለው መውጣታቸውን አሳይቷል። ከ35ቱ ውስጥ 23ቱ አቅማቸውን ያጡት ገና ቤት ሳሉ፣ በሽታው ሲጀምራቸውና ሆስፒታል እስኪደርሱ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ነው ያቃታቸው። ቀሪዎቹ 12ቱ ግን ሲገቡ እንደ ቀድሟቸው ነበሩ፤ የወረዱት አልጋ ላይ ሳሉ ነው። ስለዚህ በእውነት ለመናገር የአባትዎን ጉልበት በሽታውም፣ አስቀድሞ የነበረው መሳሳትም፣ የተኙበት 11 ቀንም ተካፍለው ወስደውታል። አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አልችልም፤ ነገር ግን የአልጋውን ድርሻ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም።

አልጋ መድኃኒት የሚመስለን ብዙ ነን። ጤነኛ የሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ 12 ሰዎች በፈቃዳቸው ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ መጥፋቱን አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ትኩሳት የላቸውም፣ ምግባቸውም አልጎደለም። አባትዎ ግን በትኩሳት ላይ፣ ምግብ ተዘግቶባቸው፣ በአንድ እጃቸው ግሉኮስ፣ በአፍንጫቸው የኦክስጅን ቱቦ፣ በዚያ ላይ የሽንት ቱቦ ተደርጎላቸው ነው 11 ቀን የተኙት። የሽንት ቱቦ ሲያስፈልግ ሕይወት ያድናል፤ ሳያስፈልግ ሲቆይ ግን ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ከዚህም በላይ ሰውየውን ከአልጋው ጋር ያስረዋል። እኔ በቪዚት ላይ፣ ሕሙማንን በየአልጋቸው እየዞርን ስናይ፣ «ይህ ቱቦ ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ስጠይቅ መልስ የማጣበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ሌሊት ሌሊት የሞቱ ዘመዶቻቸውን እየጠሩ ማውራታቸውን በተመለከተ፣ ሰፈርተኛው «ቃዡ»፣ አንዳንዱም «ናላቸው ዞረ» እንደሚል አውቃለሁ፤ አንዳንድ ቤተሰብም የመሞቻቸው ምልክት አድርጎት ይደነግጣል። ስሙ ዴሊሪየም ነው፤ በድንገት የሚመጣ፣ ቀን ረገብ ብሎ ማታ የሚብስ የአእምሮ መናወጥ ሲሆን፣ የሳሳ አእምሮ በኢንፌክሽን፣ በውኃ ጥም፣ በእንቅልፍ ማጣት ወይም በመድኃኒት ሲጫን የሚያሰማው ጩኸት ነው። የሚጮኹና ቱቦ የሚነቅሉ ሕሙማን ስለሚያስቸግሩ ቶሎ ይታያሉ፤ ዝም ብለው የሚያንቀላፉት ግን «ዛሬስ ተኝተው አደሩ፣ ዐረፉ» ተብለው ይታለፋሉ፤ እነዚህኞቹ ይበልጥ ያሳስቡኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ሕሙማኑን ቀኑንና ቦታውን በማስታወስ፣ መነጽራቸውንና ለመስማት የሚያግዛቸውን የጆሮ መሣሪያ በማቅረብ፣ ውኃ በማጠጣት፣ በማራመድና ሌሊት ያለ እንቅልፍ ኪኒን እንዲተኙ በመርዳት ብቻ ይህ ችግር ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወርዷል። ከዚህ ውስጥ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር የለም። አስታማሚ ከአልጋው ሥር በማይጠፋበት በእኛ ሀገር ሆስፒታል ደግሞ አብዛኛውን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሊሠራው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ላካፍልዎ። ከወገራ የመጡ አንድ አባት በሰባተኛው ቀን ትኩሳታቸው ጠፍቶ ስናገኛቸው «ዛሬ ቆመው እንያቸው» አልኩ። ልጃቸው ተሽቀዳድሞ «ኧረ ይረፉ፣ አይድከሙ» አለ። ጫማቸው የት እንዳለ ጠየቅሁ። በገቡበት ቀን እንዳይጠፋ ተብሎ ከምርኩዛቸው ጋር ወደ ቤት ተልኳል። መነጽራቸውም አብሮ ሄዷል። ለሰባት ቀን ያለ ጫማ፣ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ መነጽር ነው የተኙት፤ ውኃ እንኳን ልጃቸው ኩባያውን ይዞ ያጠጣቸዋል፤ እንጀራውን ጠቅልሎ ያጎርሳቸዋል። ይህ ሁሉ ክፋት የሌለበት፣ አባትን የማክበርና የመጦር ወግ ነው፤ ወላጅን ማገልገል ለእኛ ምርቃት የሚገኝበት ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ወግ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ኩባያ የማያነሳ እጅ በሳምንት ውስጥ ኩባያ ማንሳት ያቅተዋል። ኩባያውን ለእሳቸው እንዲሰጣቸው ነገርነው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ፈሰሰ፣ ግን ጠጡ። በማግስቱ ጫማው ከቤት መጣ፤ በሁለት ሰው ድጋፍ እስከ መስኮቱ ሄደው የውጭውን አዩ፣ ተመልሰውም ተቀመጡ።

የባለሙያውንም ጥፋት መሸሸግ አልፈልግም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንዲት እናትን በሳንባ ምች አክሜ፣ ሳንባቸውን አዳምጬ፣ የሙቀትና የኦክስጅን መጠናቸውን አይቼ «ተሽሏቸዋል» ብዬ በካርዳቸው ጽፌ አሰናበትኳቸው። ቆመው አላየኋቸውም፤ ማየት እንዳለብኝም አላሰብኩም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በመስኮት ስመለከት ልጃቸው አዝሏቸው በግቢው በር ሲወጣ አየሁ። ሲገቡ በእግራቸው መግባታቸውን ያወቅሁት የዚያኑ ዕለት ማታ ነርሷን ጠይቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም አረጋዊ ቆሞ ሳላየው የመውጫ ወረቀት አልፈርምም።

አቅማቸው ይመለሳል ወይ ለሚለው የሚያጽናና ብቻ መልስ መስጠት ለእርስዎም ለአባትዎም አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ክትትል፣ ከሆስፒታል አዲስ የአቅም ማጣት ይዘው ከወጡት አረጋውያን ውስጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የተመለሱት 30 በመቶ ገደማ፣ በሕይወት ያልቆዩት ደግሞ 41 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከባድ ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ። የጻፍኩልዎ የቀረውን ጊዜ ክብደት እንዲያውቁት ብዬ ነው፤ የሚመለሰው አቅም በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነውና «ጾሙ ሲያልፍ» ወይም «ክረምቱ ሲወጣ» ተብሎ የሚቆይ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል በስፔን ፓምፕሎና ከተማ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆነ 370 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ፤ በዚያም ገና በሆስፒታል ሳሉ ለጥቂት ቀናት በባለሙያ እየታገዙ እግራቸውን ያሠሩት ሰዎች አቅማቸው ተሻሽሎ ሲወጡ፣ እንደተለመደው የታከሙት ወርደው ወጥተዋል። በዚያ ዕድሜም ቢሆን ጡንቻ ለሥራ ምላሽ ይሰጣል።

ስለዚህ ከነገ ጀምረው ማድረግ የሚችሉትን ልንገርዎ። ከሁሉ በፊት ቀኑን ከአልጋ ውጭ ያሳልፉ። የመጀመሪያው እርምጃ በአልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸው መሬት ነክቶ፣ ጫማ አድርገው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግባቸውን ተቀምጠው መብላት ነው። መደብና ዝቅተኛ ዱካ ለመነሣት ያስቸግራልና እጀታ ያለው፣ የማይንቀሳቀስ ወንበር ፈልጉላቸው፤ ዝቅ ካለም በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ አድርጉት። ከዚያ ወንበር ላይ ተነሥቶ መቀመጥን ያለማምዷቸው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አራትና አምስት ጊዜ። ረዳቱ በብብታቸው ይዞ ወደ ላይ አይጎትታቸው፤ ከጎን ቆሞ ወገባቸውን ይደግፍ፣ የሚነሡት ግን በራሳቸው እግር ይሁን። ወደፊት እጃቸውን ሳይጠቀሙ አምስት ጊዜ ተነሥተው ለመቀመጥ ከ15 ሴኮንድ በላይ የሚፈጅባቸው ከሆነ የእግር ጡንቻቸው ገና ደካማ ነው ማለት ነው፤ እንደ መለኪያ ይያዙት። በከተማችን የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ስላለ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወስደው ቢያሳዩአቸው ልምምዱን በትክክል ያሳዩዎታል።

ምግብን በተመለከተ፣ በየዋርዱ በፔርሙዝ የሚመጣው አጥሚት ለጉሮሮ ይስማማል እንጂ ጡንቻ አይሠራም። ለታመመና ለሳሳ አረጋዊ የሚመከረው ፕሮቲን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው፤ አባትዎ 50 ኪሎ ቢመዝኑ ቢያንስ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ቀሪውን ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከባቄላና ከተገኘም በደቃቁ ከተከተፈ ሥጋ ማሟላት ይቻላል። አጥሚቱም ቢሆን በውኃ ከሚሠራ በወተት ይሠራ። ጥርስ ከሌላቸው ወጡ ይላም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማቅረብም ትንሽ ትንሹን ደጋግማችሁ አቅርቡ። ኩላሊታቸው የተጎዳ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪማቸው ይወስን። አባትዎ ዐቢይ ጾምን ካልጾምኩ እንደሚሉ ጽፈዋል። ይህን እኔ ከመናገሬ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ብዙ ጊዜ እንዳየሁት የንስሐ አባቶች ሁኔታው ሲገለጽላቸው ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ። አባትዎ እንቢ ቢሉም እንኳ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ሱፉና ተልባው መጠኑ ይጨመር፣ የሚበሉበት ሰዓትም አይራቅ።

በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ የተገዛውንም ከጎረቤት የተገኘውንም፣ በአንድ ፌስታል ሰብስበው ለሐኪሙ ይውሰዱ። ከስተው ሳሉ የቀድሞውን የደም ግፊት ኪኒን በዚያው መጠን የሚወስዱ ሰዎች ሲነሡ ግፊታቸው ይወርድና ይወድቃሉ፤ ግፊታቸውን ተኝተው ከተለኩ በኋላ ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲለኩላቸው ይጠይቁ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቱ መታየት አለበት። ለእንቅልፍ የሚሰጡ እንደ ዲያዜፓም ያሉ፣ እንዲሁም እንደ አሚትሪፕቲሊንና የጉንፋን ኪኒን ውስጥ እንዳለው ክሎርፌኒራሚን ያሉ መድኃኒቶች የሳሳ አእምሮን ያደነዝዛሉ፣ ሰውም ይጥላሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም ግን በአንድ ቀን አይቋረጥም፤ ቀስ በቀስ እንዲቀንሱት ሐኪሙን ይጠይቁ። ለሌሊት ደግሞ ከአልጋቸው አጠገብ ፖፖ ይቀመጥ፣ መብራት ይኑር፣ የሚያደናቅፍ ምንጣፍም ይነሣ። ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ዳሌያቸውንና ከወገባቸው በታች ያለውን ቆዳ በየቀኑ ይዩ፤ ቀልቶ የማይመለስ ቦታ ካለ የአልጋ ቁስል መጀመሩ ነውና በተኙበት ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧቸው። ትኩሳት ከተመለሰ፣ እንደገና በድንገት ከዘባረቁ፣ አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠ ወይም ሽንት ከቆመባቸው የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ይሂዱ።

እንደዚህ ያለውን ሰው አንድ ሐኪም ብቻውን አይጠግነውም። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስትና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በአንድነት ተቀምጠው የአረጋዊውን በሽታ፣ አቅም፣ አእምሮ፣ ምግብና የቤት ሁኔታ የሚመዝኑበት አሠራር፣ 29 ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ግምገማ እንደታየው፣ አረጋውያኑ በሕይወትና በገዛ ቤታቸው የመቆየት ዕድላቸውን ከፍ ያደርጋል። ለጎንደር በቡድን መሥራት እንግዳ አይደለም፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በአንድ ቡድን እንዲሠሩ ነበር ያሠለጠነው። ያንን ልምድ ወደ አረጋውያን አልጋ ማምጣት የእኛ የባለሙያዎቹ ዕዳ ነው።

አባትዎ ምናልባት እንደገና መተኛት ቢያስፈልጋቸው፣ በገቡበት ሰዓት ለሐኪሙ የሚሰጡት አንድ ወረቀት ከአሁኑ ይዘጋጅ። ኬኔት ሮክዉድ የተባሉ ካናዳዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት፣ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት የመሳሳት ደረጃ መመዘኛ የሚጠይቀው ሰውየው ዛሬ እንዴት እንደሆነ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት እንዴት እንደነበረ ነው። አልጋ ላይ ትኩሳት ይዞት የሚያቃስት ሰው ሁሉ አቅመ ቢስ ይመስላል፤ ያ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንደነበር የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ ምን ያህል ይራመዱ እንደነበር፣ ማን ያጥባቸው እንደነበር፣ ሒሳባቸውን ራሳቸው ይይዙ እንደሆነ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ባለፈው ጊዜ ሌሊት መዘባረቃቸውን ይጻፉ። ጫማቸውን፣ ምርኩዛቸውንና መነጽራቸውን በአልጋው ሥር ያኑሩ፣ ወደ ቤት አይላኩ። በየቀኑም ሐኪሙን «ዛሬ ከአልጋ መውረድ ይችላሉ? ቱቦው ዛሬ ይነሣል?» ብለው ይጠይቁ። ማንም ቢቆጣዎ አይፈሩ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን ነግረውኛል። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደተነሡና ስንት እርምጃ እንደሄዱ በደብተር ይመዝግቡ፤ ሲሄዱም ደብተሩንና የመድኃኒቱን ፌስታል ይያዙ። በዚያን ዕለት ከምርመራ ክፍሉ በር እስከ ወንበሩ ያለችውን ጥቂት እርምጃ እርስዎ ከጎናቸው ሆነው፣ እሳቸው ግን በራሳቸው እግርና ምርኩዝ ይሂዷት፤ ሐኪሙም ቀና ብሎ እንዲያያቸው ይንገሩት።